የታሰረ ፈረስና የሚሄድ ፈረስ

ሥዕል ዐዋቂ ነን በሚሉ ወገኖች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ክስ አለ። ክሱም «የሚጋልብ ፈረስ የቀድሞ ሠዓሊዎች እንደሚስሉት ሆኖ አይገኝም፤ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይህን ከመሰከረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንግዲህ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የፊት እግሮቹን አንሥቶ የሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ካለማወቅ የተሳለ ነውና እንደ ፎቶግራፉ እየታረመ ይሳል» የሚል ነው። ይህ ነገር በጨዋታ መካከል ተነግሮ የሚቀር ቢሆን መልስ ባላስፈለገውም ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ ከአፍ ወደ እጅ ወርዷል። አሮጌ ሥዕል በዝናብና በጢስ በተጐዳ ጊዜ የሚጠበቅበትን ብልሃት በመፈለግ ፈንታ፥ ከፎቶግራፍ የተገለበጠ ወይም በማተሚያ የታተመ ሥዕል በላዩ ሲለጠፍ እናያለን። ወጣቱ ሠዓሊም ከአባቶቹ ሥዕል ፊት ቆሞ ዓይኑን ከማሠልጠን ይልቅ፥ የእጅ ስልኩን ከፍቶ ከዚያ መቅዳትን እንደ ዕውቀት ይቈጥረዋል።

ስለዚህ ክሱ ሊመረመር ይገባዋል። የሚመረመረውም የፈረስ እግር ብቻ አይደለም። ግድግዳም፥ ሸራም፥ ወረቀትም ራሳቸው የማይንቀሳቀሱ ናቸው፤ ታዲያ የማይንቀሳቀስ ነገር እንቅስቃሴን የሚናገረው በምን አንደበት ነው? የጋላቢውን ፍጥነት፥ የመቺውን ኃይል፥ የዘማሪውን ምት ለተመልካቹ የሚያደርሰው ምንድን ነው? ይህ ሳይታወቅ ማን እንደ ዋሸ፥ ማንስ እውነት እንደ ተናገረ መፍረድ አይቻልም።

አስቀድመን የከሳሹን ማስረጃ ሳንሸሽግ እናቅርብ፤ የውጭ አገሩን ዘመን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፈዋለን። በአሜሪካ በካሊፎርንያ ሌላንድ ስታንፎርድ የሚባል፥ ቀድሞ የዚያው ግዛት ገዥ የነበረ፥ የምድር ባቡር ባለጸጋና ፈረስ ወዳድ ሰው ነበረ። ይህም ሰው ስለ ፈረስ አረጋገጥ የነበረውን ክርክር ለመቍረጥ፥ በእንግሊዝ አገር የተወለደውን ፎቶግራፍ አንሺ ሚስተር ኤድዋርድ ማይብሪጅን ቀጠረ። በ1878 በፓሎ አልቶ በመሮጫው ዳር 12 መሣሪያዎች ተደረደሩ፤ በመሮጫውም ላይ ክር አግድም ተወጠረ። ሳሊ ጋርድነር የምትባል ባዝራ እየጋለበች ክሩን በነካች ቍጥር መሣሪያዎቹ አንዱ ከአንዱ ተከታትለው ሥዕሏን ያዙ። ሥዕሎቹ በታዩ ጊዜ አራቱም እግሮች በአንድነት ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት እንዳለ ተገለጠ። ነገር ግን ይህ የሚሆነው እግሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዘርግተው ሳለ ሳይሆን፥ ከሆድ በታች ተሰብስበው ሳለ ነው።

በዚህ ማስረጃ ብዙ ታላላቅ ሥዕሎች ተከሰሱ። የፈረንሳዩ ሠዓሊ ቴዎዶር ዤሪኮ በ1821 የሳለው፥ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኘው የኤፕሶም የፈረስ እሽቅድድም ሥዕል አንዱ ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ፈረሶቹ አራት እግራቸውን ዘርግተው ከምድር በላይ ይበራሉ፤ በመሣሪያው ምስክርነት ግን ፈረስ እንዲህ ሆኖ ጋልቦ አያውቅም። ፈረስ በመሳል ስሙ የታወቀው ሙሴ ሜሶንዬም በ1881 ማይብሪጅን በፓሪስ በቤቱ ተቀብሎ፥ የዘመኑን ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ሰብስቦ ሥዕሎቹን አሳያቸው።

ይህን ሁሉ እንቀበላለን። የፈረስ አረጋገጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ ለሚፈልግ፥ ለእንስሳ ሐኪምም ሆነ ለፈረስ አሠልጣኝ፥ የማይብሪጅ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ከሳሹ ዘሎ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ከ12ቱ ሥዕሎች እግሮቹ የተሰበሰቡበትን አንዱን ብቻ ነጥሎ የተመለከተ ሰው ምን ያያል? በሆዷ በገመድ የተንጠለጠለች ባዝራ ያያል እንጂ የምትጋልብ ባዝራ አያይም። ሥዕሉ እውነት ነው፤ ግልቢያው ግን በውስጡ የለም። መሣሪያው ፈረሱን ይዟል፤ ሩጫው አምልጦታል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ከማይብሪጅ ከራሱ ሥራ ይገኛል። በ1879 ሥዕሎቹን እያዞረ በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚጥልና ፈረሱን ሲሮጥ የሚያሳይ መሣሪያ አዘጋጀ። በሚዞረው መስተዋት ላይ የሰፈረው ግን ፎቶግራፉ ራሱ ሳይሆን ከፎቶግራፉ በእጅ የተገለበጠ ሥዕል ነበረ። መሣሪያው ሲዞር ፈረሱን አጥብቦ ያሳይ ስለ ነበር፥ ሥዕሉ አስቀድሞ ከልኩ በላይ እንዲረዝም ተደርጎ ይሳል ነበር። እንግዲህ ልብ እናድርግ። ዓይን የሚሮጠውን ፈረስ በልኩ ያይ ዘንድ፥ እጅ ከልኩ የወጣ ፈረስ መሳል አስፈለገው። የቀድሞ ሠዓሊዎችን ከልክ ወጣችሁ ብሎ የሚከስ ሰው ይህን ምስክር ከየት ያደርሰዋል?

የፈረንሳዩ ቀራጺ ሙሴ ኦጉስት ሮዳን ከጸሐፊው ከፖል ግሴል ጋር ባደረገውና በ1911 በታተመው ንግግር ስለዚሁ ነገር ተጠይቆ ነበር። የመልሱም ፍሬ ነገር፥ በእውነተኛው ዓለም ጊዜ የማይቆም ስለ ሆነ፥ ጊዜን አቁሞ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ሐሰተኛ፥ የጊዜን ማለፍ የሚያሳየው ሠዓሊ ግን እውነተኛ ነው የሚል ነው። ይህንንም ቃል በሥራው አስቀድሞ አስረድቶታል። በ1880 ለሕዝብ ያሳየው የመጥምቁ ዮሐንስ ሐውልት ሲራመድ ይታያል፤ ነገር ግን ሁለቱም የእግሩ መርገጫዎች ፈጽመው ምድር ረግጠዋል። የትኛውም መንገደኛ ሰፊ እርምጃ ሲራመድ በአንድ ቅጽበት እንደዚያ ሆኖ አይገኝም፤ የፊተኛው እግር ፈጽሞ በረገጠ ጊዜ የኋለኛው ተረከዝ መነሣቱ አይቀርምና። ሐውልቱ ግን ይሄዳል። የኋለኛው እግር የተነሣበትን ስፍራ፥ የፊተኛው የደረሰበትን ስፍራ ስለሚናገር፥ የተመልካቹ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር እርምጃውን ራሱ ይራመደዋል።

ሮዳን የቅኔ ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ የቅኔ ቤት ሰው ግን ይህን ነገር በሌላ ስሙ ያውቀዋል። ሰዋስው የተማረ ሁሉ ማሰሪያ አንቀጽንና ቦዝ አንቀጽን ይለያል። «ንጉሡ ሄደ» ያለ ሰው ነገሩን አስሮታል፤ ሰሚውም አርፎ ይቀመጣል። «ንጉሡ ተነሥቶ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ግን ሰሚውን አንገቱን አስግጎ ይተወዋል። ተነሥቶስ? ወዴት ሄደ? ምን አደረገ? እያለ ማሰሪያውን ሰሚው ራሱ ይፈልጋል። ቦዝ አንቀጽ ጐዶሎ ነው፤ ነገር ግን ንግግሩን ወደ ፊት የሚገፋው ይህ ጐዶሎነቱ ነው። እንግዲህ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ማለት ቦዝ አንቀጽ ያለው ሥዕል ማለት ነው። ያለፈውን ይዞ የሚመጣውን ያስጠብቃል፤ ማሰሪያውን ግን ለተመልካቹ ይተውለታል። ፈጣኑ መሣሪያ የያዘው ፈረስ ግን ያለ ጊዜው የታሰረ ነገር ነው፤ ከኋላው የመጣ የለም፥ ከፊቱም የሚጠበቅ የለም።

አሁን በዚህ መስፈሪያ ወደ ተከሰሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እንመለስ። የሰማዕቱ መጐናጸፊያ በስተኋላው ተነፍቶ ይውለበለባል፤ ይህ ኀላፊ ነው፥ ከየት እንደ መጣና በምን ፍጥነት እንደ መጣ ይናገራልና። ጦሩ በዘንዶው አፍ ተሰክቷል፤ ይህ አሁን የሚሆነው ነው። የፈረሱ የፊት እግሮች ተነሥተዋል፥ ገና አልወረዱም፤ ይህ ትንቢት ነው፥ በዘንዶው ላይ ሊያርፉ እንዳላቸው ያስታውቃሉና። ብሩታዊትም ከዛፍ ላይ ሆና የነገሩን ፍጻሜ ትጠብቃለች፤ እርስዋ እንደምትጠብቀው ተመልካቹም ይጠብቃል። ሦስት ጊዜያት በአንድ ግድግዳ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቅጽበት የሚይዝ መሣሪያ የለም፤ በአንድ ቅጽበት አይገኙምና። ታዲያ ይህ አለማወቅ ነውን? ይህስ ጊዜን እንደ ሐረግ መጠምጠም የሚያውቅ እጅ የሠራው ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በጐንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተደረደሩት የኪሩቤል ፊቶች እግር የላቸውም፤ ያላቸው ፊትና ክንፍ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዓይኖቻቸው ወደ ልዩ ልዩ ወገን ስለሚመለከቱ፥ ከሥር የቆመ ሰው ጣራው ሁሉ የነቃና የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። እንዲሁም በ1888 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የተደረገውን የዐድዋን ጦርነት የሳሉ ሠዓሊዎች፥ ማለዳውንና ቀትሩን፥ የሚተኵሰውንና የሚወድቀውን በአንድ ሸራ ላይ አገናኝተው፥ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ በፈረሱ አስቀምጠዋል። አንድ ፎቶግራፍ የዚያን ቀን አንድ ቅንጣት ብቻ ሊሰጠን በቻለ ነበር፤ እነርሱ ግን ቀኑን ሰጡን።

«እንቅስቃሴን ለማሳየት ብዙ ጊዜያትን በአንድ ላይ ማኖር ከሆነ፥ ይህንንስ የኤውሮፓ ሠዓሊዎች በተሻለ አድርገውታል» የሚል ቢነሣ፥ ይህም ሌላ ስሕተት ነውና መልስ ያሻዋል። በ1909 ሲኞር ማሪኔቲ የሚባል ኢጣልያዊ ባለቅኔ በፓሪስ በፊጋሮ ጋዜጣ አንድ ዐዋጅ አሳተመ። የመኪናን ፍጥነት ከጥንታዊ ሐውልት ውበት አስበለጠ፤ ጦርነትንም ዓለምን እንደሚያነጻ መድኀኒት አድርጎ አመሰገነ። በዓመቱ የተከተሉት ሠዓሊዎች በበኩላቸው የሚሮጥ ፈረስ እግሩ አራት ሳይሆን ሃያ ነው ብለው ጻፉ። ከእነርሱም አንዱ ጃኮሞ ባላ በ1912 በገመድ ተይዛ የምትሄድ ውሻ ሳለ፤ እግሮቿና ጅራቷ፥ የእመቤቷም እግርና የገመዱ ውዝዋዜ ሳይቀር ብዙ ብዙ ሆነው ተሳሉ። ይህ አስደሳች ጨዋታ ነው፤ ብልሃትም አለበት። ነገር ግን እንቅስቃሴን ቈጠረው እንጂ አልነገረንም። «ሄደ፥ ሄደ፥ ሄደ፥ ሄደ» የሚል ሰው አራት ጊዜ አሠረ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አላስኬደም። አንድ «ተነሥቶ» ከሃያ «ሄደ» ይበልጣል።

ፍጥነትን ለፍጥነቱ ብቻ ማምለክ ወዴት እንደሚያደርስም የእኛ አገር ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ያው ማሪኔቲ በ1935፥ በእኛ በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በፈቃዱ ዘምቶ መጣ፤ ስለ ዘመቻውም በውዳሴ ጻፈ። እርሱ ውበት ነው ያለው የአውሮፕላን ፍጥነት በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። ከዐዋጁ ፈራሚዎች የተሻለ እጅ የነበረው ኡምቤርቶ ቦቾኒ ግን ያን ሳያይ በ1916 በወታደር ቤት ሳለ ከፈረስ ወድቆ ሞቷል። በሰው ሞት ደስ ሊለን አይገባም። ይሁን እንጂ የጣለው ፈረስ በብራና ላይ የተቈጠሩለት ሃያ እግሮች አልነበሩትም፤ አራት ነበሩት። ኃይል የሚባለው ነገር በፈረሱ ውስጥ ነው እንጂ በእግሩ ቍጥር ውስጥ አይደለም።

እንዲህ ስንል ፎቶግራፍን ለመንቀፍ የተነሣን የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ክርክራችን ፎቶግራፍን የሥዕል ዳኛ አድርገው ከሚያስቀምጡት ጋር ነው። እንዲያውም ከፎቶግራፍ ሥራ የተሻለው ክርክራችንን ያጸናልናል። ዣክ አንሪ ላርቲግ የሚባል ፈረንሳዊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት፥ ገና ወጣት ሳለ፥ የሚሽቀዳደም መኪና ሥዕል አንሥቶ ነበር። መንኰራኵሩ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቍላል ሆኖ ወደ ፊት ተንጋድዷል፤ በዳር የቆሙት ሰዎችና ምሰሶዎች ደግሞ ወደ ኋላ ተንጋድደዋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የመሣሪያው መዝጊያ በጠባብ ስንጥቅ ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ በተራ ስለሚያስገባ፥ የመንኰራኵሩ ታች ከተያዘ በኋላ ላዩ እስኪያዝ ድረስ መኪናው ወደ ፊት አልፏል፤ አንሺውም መሣሪያውን ከመኪናው ጋር ያዞር ስለ ነበር የቆመው ነገር ወደ ኋላ ሸሸ። በመሣሪያ ሕግ ቢመዘን ይህ የተበላሸ ሥዕል ነው። ነገር ግን በ1963 በኒውዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሥራዎቹ ከታዩ ወዲህ፥ ፍጥነትን ከሚናገሩ ፎቶግራፎች ሁሉ በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው እርሱ ነው። መሣሪያው እውነቱን የተናገረው ሕጉን በሳተ ጊዜ ሆነ።

ሳይስትም ቢሆን መልካም ፎቶግራፍ ቦዙን ያውቃል። ሙሴ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን በ1932 በፓሪስ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ በስተኋላ፥ ውሃ የቋጠረ ስፍራ ሊሻገር የዘለለ ሰው ሥዕል ያዘ። የሰውየው ተረከዝ በውሃው ውስጥ ከሚታየው ከራሱ ጥላ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ቀርቶታል፤ አልተገናኘም። በስተኋላ በግድግዳ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ደግሞ አንዲት የምትዘል ዘፋኝ ትታያለች። ከአንድ ርምጃ በፊት ቢያነሣው ሰውየው ገና አልተነሣም፤ ከአንድ ርምጃ በኋላ ቢያነሣው ውሃው ይረጫል፥ ነገሩም ይታሰራል። ይህ ሰው «ዘሎ» ላይ አቆመን። መሣሪያው ያው መሣሪያ ነው፤ ልዩነቱ ከኋላው የቆመው ዓይን ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደ ተባለ፥ መሣሪያም ያደርሳል እንጂ አያይም።

በዚህ ረገድ በዓለ ጥምቀት ሲሆን የሚሆነውን ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ በዙሪያቸው የሚነሣው ፎቶግራፍ ቍጥር የለውም፤ የሚያሸበሽብ ሰው የሚታይበት ግን ጥቂት ነው። በአብዛኛው መቋሚያው በአየር ላይ ቀጥ ብሎ፥ አፍ ተከፍቶ፥ እጅ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የዜማ ጉባኤ ሳይሆን በድንገት የደነገጡ ሰዎች ስብስብ ይመስላል። አንሺው ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛውን ቈርጦ ወስዷልና። ወረብ ግን በቅጽበት ውስጥ አይኖርም፤ በመነሣትና በመውረድ መካከል፥ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ይኖራል። መዝጊያውን ጥቂት አዘግይቶ የመሪውን ፊት አጥርቶ የሚይዝ፥ የከበሮ መቺውን እጅ ግን እንደ ጢስ እንዲበተን የሚተው አንሺ፥ ወይም ዜማውን ሰምቶ መቋሚያዎቹ ሊወርዱ ሲሉ የሚያነሣ አንሺ፥ እርሱ ምቱን ያሰማናል። ዜማውን የማያውቅ ሰው ግን መቼ እንደሚያነሣ ከወዴት ያውቃል? እንግዲህ ፈጣን መሣሪያ ያለው ሁሉ እንቅስቃሴን አያገኝም፤ የሚገኘው ነገሩን ከውስጥ በማወቅ ነው።

አንድ ብርቱ ጥያቄ ቀርቷል። «ቅጽበቱ የሌለን አቋቋም መሳል ከተፈቀደ፥ ሠዓሊው እንደ ፈቀደው ይዋሽ ማለት አይደለምን? ከዚህስ በኋላ ሐሰትን ከእውነት በምን እንለያለን?» የሚል። ጥያቄው ይገባል፤ መልሱም ቀላል ነው። ቦዝ አንቀጽ ስላልታሰረ ውሸት አይባልም፤ የማይስማማ ማሰሪያ የሚጠራ ከሆነ ግን ነገሩ ይፈርሳል። የሰማዕቱ መጐናጸፊያ ወደ ፊት ቢውለበለብ ሥዕሉ ወዲያው ይሞታል፤ የፈረሱ አንገት ከጦሩ ጋር ካልተባበረ ኃይሉ ይበተናል። ሠዓሊው ከልክ የወጣው ልክን ስላላወቀ አይደለም፤ ቤት የሚመታ ባለቅኔ ቃሉን እንደሚመዝን እርሱም አቋቋሙን መዝኖ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሠዓሊ ከሳሹ ከሚያውቀው የበለጠ ፈረስ ማወቅ አለበት እንጂ ያነሰ አይደለም። አለማወቅን «የአባቶች ወግ ነው» እያለ የሚሸፍን ሰነፍ ሠዓሊ በዚህ ጽሑፍ ጥግ አያገኝም። የማይብሪጅን ሥዕሎች ይመልከት፥ ፈረስም ሲጋልብ ቆሞ ይመልከት፤ ሁለቱን ካየ በኋላ ግን የሚስለው ዓይን የሚያምነውን ይሁን።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎችና ለሥዕል ገንዘብ የምትሰጡ ምእመናን፥ አሮጌው ፈረስ «ስሕተት ነው» ተብሎ እንዲፋቅ ወይም በታተመ ወረቀት እንዲሸፈን ምክር በመጣ ጊዜ፥ ከመፍቀድ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ሊተካ የመጣውን ሥዕልና አሮጌውን ጐን ለጐን አቁማችሁ፥ ማንበብ ያልተማረ አንድ ሕፃን ጥሩና «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። በአሮጌው ሥዕል ፊት «ይረግጠዋል» ብሎ ከመለሰ፥ በአዲሱ ፊት ግን «ፈረስ ነው» ብቻ ብሎ ከቆመ፥ ፍርዱ ተፈርዷል፤ አንደኛው ነገር ነው፥ ሁለተኛው ስም ብቻ ነው። የተጐዳ ሥዕል በብልሃተኛ እጅ ይጠገናል፤ ከፎቶግራፍም ሌላ ፎቶግራፍ ይገለበጣል። የተፋቀ ግድግዳ ግን ኖራ ብቻ ነው፤ ከኖራ ላይ ፈረስ አይነሣም።